ጢጥ ሲል ቀስ በሉ

ጥር 5

ለተከበርሽው አክስቴ፣ ለደመና ጠባቂዋ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ሁላችንም እጅግ ደህና ነን፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን ነገር የለም። (ይህን ከትከሻዬ በላይ ቆማ ያስጻፈችኝ እማዬ ናት። አሁን ድስቷ ሊገነፍልባት ሲል ሮጣ ማድቤት ገብታለች፤ ስለዚህ ደብዳቤው ከዚህ ይጀምራል።)

አዎ፣ ደርሷል። አዎ፣ ሳይሰበር። ካርቶኑ አንድ ጥጉ ተጨፍልቋል እንጂ ውስጡ ደህና ነው፤ መብራቱም ይበራል። አይ፣ የመጀመሪያውን ቀን እኔ አልነዳሁትም። ይህን መጠየቅሽ ራሱ ገርሞኛል። ወንድምሽ አይደለም እንዴ? እዚያ ተራራ ላይ ንፋስ ስትለኪ የገዛ ቤተሰብሽ ጠባይ ጠፋሽ?

ካርቶኑ ሲከፈት እማዬ «ድስት ላከችልን?» አለች። እውነት ለመናገር ድስት ይመስላል፤ በጎኑ የቆመ ትልቅ ጥቁር ድስት፣ ከላይ እጀታ ያለው፣ ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ የሚዘረጉ ሁለት መርገጫዎች ያሉት። ጎረቤታችን ጡረተኛው ሹፌር ሳይጠሩ መጡ። ታስታውሻቸዋለሽ፤ ፍሬን የሌለው መኪና እንዴት ከገደል እንዳዳኑ በየሳምንቱ የሚተርኩት። ሁለት ጊዜ ዞሩትና «ሌላው ጎማስ?» አሉ።

«አንድ ብቻ ነው፣ ጋሼ፤ በባትሪ ይሄዳል፣ ላዩ ላይ ተቁሞ ነው የሚነዳው።»

«አንድማ አይሆንም። ተሸውዳችኋል። ሁለተኛውን መንገድ ላይ አስቀርተውባችኋል፤ ዝም አትበሉ።»

አባዬ በበኩሉ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ መመሪያውን ቆሞ አነበበና ፍርድ ሰጠ፦ «እኔ ሳልመረምረው አንድም ልጅ እንዳይነካው።» አንድም ልጅ! ቤቱ ውስጥ ያለሁት ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። መቼም የጆሮ መርማሪ ነውና ምን ይደረግ። ቀኑን ሙሉ ሰውን ድምፅ የማያስገባ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ፣ ማዳመጫ አጥልቆለት፣ ቀጭንና ወፍራም ድምፅ እየላከ «ሲሰማህ እጅህን አንሳ» ሲል የሚውል ሰው፣ ቤቱ ሲገባም የሁሉም ነገር መርማሪ ነው። የሐብሐቡም፣ የውጤት ካርዴም፣ የአንቺ ጎማም።

አሁን ምርመራው ላይ ነው። አንድ እጁን የግቢው ግንብ ላይ አድርጎ ይሄዳል፤ ግንቡ ቀለሙ ተልጧል። ጉልበቱ እንደ አዲስ ጥጃ ይንቀጠቀጣል። ጎማው ከሥሩ እየሾለከ አበባው ውስጥ ይተኛል። እማዬ በመስኮት ብቅ ትልና «ዕድሜ ልኩን በሁለት እግሩ የሄደ ሰው፣ በአንድ ለመሄድ ምን አስቸኮለው!» ትላለች። እሱ ጎማውን ከአበባው ውስጥ ያወጣል።

ሄልሜት ያደርጋል ወይ ላልሽው፦ ሄልሜቱን እማዬ ፈርታ ስላስገደደችው ያደርጋል። የእጅ አንጓ መከላከያውን ግን «ጌጥ ነው» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከቶታል።

ፌንጣሽ


ጥር 18

ፌንጣዬ፣

ደብዳቤሽን ናፍጣ የሚያመጣልን መኪና ከጀሪካኖቹ መሃል አምጥቶልኝ፣ ናፍጣ እየሸተተ ሦስቴ አነበብኩት። ስልክ የማይሠራበት ቦታ የሚኖር ሰው ሳቁን እንዲህ በጭነት ነው የሚያገኘው። አይ፣ መሳቄን ለአባትሽ አልነግርም። አንቺም ያልኩሽን ሁሉ ከእኔ ነው እንዳትይው፤ ከመመሪያው ነው በይው፤ ለታተመ ነገር ይገዛል።

ግንቡን ይልቀቅ። ግንብ የያዘ ሰው ግንብ መያዝ ነው የሚማረው። አንድ እግሩን ብቻ መርገጫው ላይ ያድርግ፣ በሌላው መሬቱን እየገፋ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተት፤ ይህ እስኪሰለቸው ድረስ ሁለተኛውን አያውጣ። ሣር ላይ ወይም ባዶ ሜዳ ላይ ይሁን እንጂ አስፋልት ገና ነው። ዓይኑ ሩቅ ይይ፤ እግሩን ያየ እግሩ ሥር ይወድቃል። አንጓ መከላከያውን ደግሞ ከመሳቢያ አውጥተሽ ጫማው ላይ አስቀምጪለት፤ የሚወድቅ ሰው ቀድሞ የሚልከው እጁን ነው። ጌጥ ነው ካለሽ፣ ጀሶም ነጭ አምባር ነው በይው።

አሁን የምጽፈውን ግን ሳትቀልጂ አንብቢ። ይህ ነገር መሪ የለውም፣ ፍሬን የለውም። ወደ ፊት ስታዘነብዪ እንዳትወድቂ ሮጦ ከሥርሽ ይደርሳል፤ መንዳት የምንለው እሱ እየያዘሽ አንቺ መውደቅሽን መቀጠልሽ ነው። ጉልበቱ ግን ልክ አለው። ልኩ ጋ ሲደርስ ይጮኻል፤ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የሚል ጢጥ ጢጥ ነው። «ከዚህ በላይ አልችልም፣ ወደ ኋላ ደገፍ በሉ» ማለቱ ነው። ካልሰማሽው መያዙን በቃ ይተዋል። ከዚያ የሚይዝሽ መሬት ብቻ ነው። አብሮኝ ይነዳ የነበረ አንድ ጎረምሳ ሁለት ወር ምግቡን በቀሰም ጠጥቷል።

ቁልቁለት ላይ ሰው ሳያስበው ይፈጥናል። ስለዚህ ጢጥ ሲል ቀስ በሉ። ይህችን ግንቡ ላይ ጻፉልኝ፣ ለነገሩ ቀለሙ ተልጧል።

አክስትሽ


የካቲት 4

ለደመና ጠባቂዋ፤

ይቅርታ፣ ዘገየሁ። የዘገየሁት ስለምሮጥ ነው። እማዬ የአባዬ አምቡላንስ አድርጋ ሾማኛለች።

አዎ፣ ይነዳል! ሣሩን አለፈ፣ ሜዳውን አለፈ፣ አሁን አስፋልት ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራው በእሱ ነው የሚሄደው። ብታዪው! ክራቫቱን አስሮ፣ ቦርሳውን ጀርባው ላይ አድርጎ፣ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ቀጥ ብሎ፤ ልክ የአደባባይ ሐውልት ሥራ ፍለጋ የወጣ ይመስላል። ጡረተኛው ሹፌር በራቸው ላይ ቆመው ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጡታል። እሱም በጭንቅላቱ ይመልሳል፤ እጁን ቢያነሳ ይወድቃላ።

ቁልቁለት ብለሽ ጽፈሽልኛል፤ የእኛ መንገድ ይኸው። ከቤታችን በር ጀምሮ ቁልቁለት ነው፤ ዳቦ ቤቱን ያልፋል፣ ታች የብረት ድልድዩ ጋ ይታጠፋል፣ ከድልድዩ ማዶ የእሱ ክሊኒክ ነው። እኔ እስከ ድልድዩ ከኋላው እሮጥና ወደ ትምህርት ቤቴ እታጠፋለሁ። በዚህ ዓመት ስፖርት የምወድቅ አይመስለኝም።

ስለ ጢጥ ጢጡ ደግሞ፦ ይጮኻል። ዳቦ ቤቱን እንዳለፍን በየቀኑ ይጮኻል። ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈው ሰው በሙሉ ዞሮ ያያል፣ ውሻው ጆሮውን ያቆማል፣ ዳቦ ጋጋሪው ዱቄታም እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። አባዬ ብቻ፣ ምንም። እንደዚያው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እኔ ትንፋሼ ተቆርጦ «አባዬ፣ ጮኸ እኮ!» ስል፣ «ሰምቻለሁ፤ አትጩሂብኝ፣ ጆሮ የእኔ ሙያ ነው» ይለኛል። ከዚያ በኋላ ቀስ ይላል።

አየሽ ኩራቱን? ትልቅ ሰው ምክር ሊሰጥ እንጂ ሊቀበል አልተፈጠረም፤ ከሰው ሲሆን አይቀበልም፣ ጭራሽ ከድስት! በማግስቱ ያው ነው፤ ጎማው ይለምነዋል፣ እሱ ይንቀዋል፣ እኔ እሮጣለሁ።

የእኔ ተራ መቼ ነው ብለሽ ጻፊለት እንጂ። «ገና እየመረመርኩ ነው» ይለኛል።

አምቡላንሷ


የካቲት 21

አክስቴ፣

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከአንቺ መጥቶልኝ አያውቅም። ሰላምታ የለው፣ ቀልድ የለው፣ ጥያቄ ብቻ። ፖሊስ የጻፈው መስሎኝ ፊርማሽን አየሁ።

እሺ። ጎማው ሲጮህ ጭንቅላቱን ወደ ድምፁ አያዞርም። «ሰምቻለሁ» የሚለው እኔ ከጮህኩ በኋላ ነው፤ ወይም ሰዎቹ ዞረው ሲያዩት። ይህን እስክትጠይቂኝ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር። ከዚያ ለይቼ ልየው ብዬ አንድ ቀን ሳልጮህ ቀረሁ። ቀስ አላለም። እስከ ድልድዩ ድረስ ጢጥ ጢጥ እያለ ወረደ፤ እኔ እጄን ነክሼ ቆምኩ። ምንም አልሆነም። የዛሬን እንጃ።

የማድቤቱን ነገር እንዳልሽኝ ሞከርኩ። ምድጃው ሲደርስለት ጢጥ የሚል ሰዓት አለው፣ ታውቂዋለሽ። አባዬ አጠገቡ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ሰዓቱ ሲጮህ አላጠፋሁትም፤ በሩ ጋ ቆሜ አየሁት። ጮኸ፣ ጮኸ፣ አባዬ ገጽ ገለጠ። ቀና ያለው ጭሱ ሲደርሰው ነው፦ «ምን ይሸታል?»

መጀመሪያ ሳቅኩ። የጆሮ መርማሪው በአፍንጫው ሲሰማ! ከዚያ ሳቄ ራሱ አስፈራኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ የምታግዘውን ረዳቱን ዳቦ ቤት አገኘኋትና በወሬ በወሬ ጠየቅኋት። በየጠዋቱ ሰው ከመግባቱ በፊት መርማሪው ማዳመጫውን ራሱ አጥልቆ ድምፆቹን አንድ በአንድ መስማት አለበት አሉ፤ መሣሪያው ደህና መሆኑ የሚታወቀው እንዲያ ነው። አባዬ ይህን ሥራ ለእሷ ከሰጣት ቆይቷል። «ያንቺ ጆሮ ትኩስ ነው» አላት። ያከበራት መስሏት ደስ ብሏታል። እሱ በምርመራው ጊዜ የሚያየው መብራቱን ነው፤ መብራቱ ሲበራ ድምፁ እንደተላከ ያውቃል።

እባክሽ ሌላ ምክንያት ይኖረዋል በይኝ።

ለእማዬ ነግረሻታል ወይ ላልሽው፦ አልነገርኳትም። ለምን ብለሽ አትቆጪኝ። ያን ቀን የምድጃውን ሰዓት ሳጠፋ እጄን አየው። ከዚያ ፊቴን አየና ጋዜጣውን አጠፈ። በማግስቱ ቁርስ ላይ፣ እማዬ ባለችበት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ጎማው የልጅቷ ነው፤ አድጋለች» አለ። ያን ያህል ለምኜው እንቢ ያለኝን! እማዬ አፏን ከፍታ ቀረች። እኔ «አመሰግናለሁ አባዬ» አልኩ።

እና ነዳሁት። እንዴት ነው እንዳትይኝ። በጣም ደስ ይላል፤ ደስ ማለቱ ነው ያስጠላኝ።

ፌንጣ


የካቲት 29

ፌንጣዬ፣

ሌላ ምክንያት የለውም። ውሸት ልጽፍልሽ ወረቀቱን ሁለቴ ጀምሬ ቀደድኩት።

ጆሮ ሲደክም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው። የሰው ንግግር፣ በር፣ የመኪና ሞተር ይሰማዋል፤ ለዚህ ነው ማንም ያላወቀበት። እሱ ግን ያውቃል። ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ስንት ሰው ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ነግሮታል። የሥራው ደንብ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪዎች መጥተው የመርማሪውንም ጆሮ እንዲፈትኑ ያዛል። አምና በዚያ ሳምንት ጉንፋን ይዞት አልጋ ላይ እንደነበረ ጽፎልኝ ነበር። እኔም «እግዜር ይማርህ» ብዬ አለፍኩ።

አሁን ይህን አድርጊ። ጎማው ስልክሽ ላይ ካለው አፕ ጋር ይገናኛል። እዚያ ውስጥ የፍጥነት ልክ የሚባል አለ፤ ሰው በሩጫ ሊደርስበት በሚችል ፍጥነት ላይ አድርጊው። ከዚያ ሲያልፍ የመርገጫው አፍንጫ በራሱ ቀና ይላል፣ ነጂውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ጆሮው ባይሰማ እግሩ ይሰማል። ነገር ግን እያወቀ ረግጦ ቢታገለው ከበፊቱ የባሰ ነው፤ ስለዚህ ንገሪው። ደፍረሽ ንገሪው። ካልቻልሽ ለእናትሽ ንገሪያት። እኔም ለእሱ እጽፋለሁ።

ጎማውን ስለሰጠሽ ዝም ማለት የለብሽም። እኔ ነኝ የላክሁት፤ ሰጪዋ እኔ ነኝ። ቁልቁለቱ ቀጠሮ አይሰጥም፣ ፌንጣ።

አክስትሽ


መጋቢት 8

ለታናሽ እህቴ፣

ለሰላምታሽ አመሰግናለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ባለቤቴም ደህና ናት፤ ልጅቷ ትምህርቷን ትታ ትሮጣለች እንጂ ደህና ናት።

ለጠየቅሽኝ ጥያቄ መልሱ «የለም» ነው። ይህን ያህል ዘመን የሰው ጆሮ ስመረምር ኖሬ፣ ስለ ገዛ ጆሮዬ ደመና ከምትቆጥር እህቴ ማስጠንቀቂያ የሚመጣልኝ መሆኑ አስቆኛል።

መርገጫው ያለቦታው ቀና እያለ አስቸግሮኝ ነበር። ልጅቷን ጠርቼ እንደነበረ እንድትመልሰው አድርጌያለሁ። ማን እንደነካካው አልጠየቅኋትም። አንቺንም አልጠይቅሽም።

ተቆጣጣሪዎቹ በዚህ ወር መጨረሻ ይመጣሉ። ዘንድሮ ጉንፋን የለኝም።

ለልጅቷ ስለ ማሽኑ ከእንግዲህ ባትጽፊላት ደስ ይለኛል። ስለ ደመና ጻፊላት፤ ደመና ጥሩ ትምህርት ነው።

ወንድምሽ


መጋቢት 16

ለደመና ጠባቂዋ፤

ስለ ደመና የጻፍሽልኝ ደረሰኝ። አራት ገጽ ሙሉ ደመና! አባዬ ፖስታውን ከፍቶ አንብቦ፣ «መልካም ነው» ብሎ ሰጠኝ። የመጨረሻዋን መስመር ግን አላስተዋላትም መሰለኝ፤ እሷ ደመና አይደለችም።

መልሱ ይኸው፦ አይ፣ አልተቆጣኝም። እንኳን ሊቆጣኝ፣ ልክ እንደ ሙሽራ ደስ ብሎታል። እኔን ያስፈራኝ ይህ ነው።

ልነግረው ሞክሬ ነበር። ፍጥነቱን እንድመልስ ሲያዘኝ ስልኩን ይዤ «አባዬ፣ ይህን ያደረግሁት ጩኸቱ ስለማይ...» ስል እጄን ያዘኝና «አውቃለሁ ለምን እንዳደረግሽው። ጥሩ ልጅ ነሽ። መልሺው» አለኝ። መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ አንድ ቃል አልተናገርንም።

አሁን ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ? መውደቅ ይለማመዳል። እውነቴን ነው። ከሥራ ሲመለስ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ሣር ላይ ቀስ ብሎ ይነዳና ሆን ብሎ ይወድቃል፤ ትከሻውን አስቀድሞ፣ ተንከባሎ፣ ተነስቶ፣ ሣሩን አራግፎ። አንጓ መከላከያውን አድርጎ፣ የጉልበቱን አድርጎ፣ የክርኑን አድርጎ። አንቺ ይህን ስታነቢ ደስ ይልሻል፤ እማዬም ደስ ብሏታል፤ «ተመስገን፣ ልብ ገዛ» ትላለች። እኔ አስተማሪው ነኝ፤ «አባዬ፣ አገጭህን ወደ ደረትህ!» እላለሁ፣ እሱም ይታዘዘኛል። አባዬ ታዘዘኝ! ይህን ያህል ዘመን ስመኘው የኖርኩት ቀን ሲመጣ፣ እንደዚህ ብርድ ብርድ የሚል መሆኑን ማን ነገረኝ።

ትናንት ጡረተኛው ሹፌር ሊያዩን መጥተው አጥሩ ላይ ተደግፈው ነበር። ወጣት ሳሉ ከሞተር ሳይክል የወደቁበትን ታሪክ ጀመሩ። እኛ ይህን ታሪክ ሲጀምሩ የምንሮጥበት አቅጣጫ የተለያየ ነው። አባዬ ግን ቁጭ አለ። ጠየቃቸው እንኳ።

«ጆሮህን አሞህ ነበር አይደል ያኔ?»

«አሞኝ ነው? አንዱ ጭራሽ ሄደ እንጂ! ጭንቅላት ሲመታ ጆሮ ይሄዳል፤ የታወቀ ነው።»

«ሐኪሞቹ ከመውደቁ የመጣ ነው አሉህ? ሌላ ነገር አልጠየቁህም?»

«ምን ይጠይቃሉ? ወደቀ፣ ጆሮው ሄደ፣ አለቀ።»

አባዬ ሳቀ። ከሳቀ ስንት ጊዜው ነው። እሳቸው ታሪካቸው ያሳቀው መስሏቸው ከመጀመሪያው ጀመሩለት።

ተቆጣጣሪዎቹ በሚመጣው ሳምንት ይገባሉ። ለእማዬ ልንገራት? እየጠየቅሁሽ ነው። መልስሽ እስኪደርስ ግን የናፍጣ መኪናሽን ማን ይጠብቃል።

ፌንጣ


መጋቢት 27

ሰላምታ አልጽፍልሽም፣ ይቅር በይኝ።

ወንድምሽ ወድቋል። ድልድዩ ጋ ነው የወደቀው። ይተርፋል ብለውናል። የትከሻው አጥንት ተሰብሯል፤ ጭንቅላቱን የድልድዩ ጠርዝ መቶታል፤ ጆሮው ግን ሄዷል። የምንለውን በወረቀት ነው የምንጽፍለት። የሰው ጆሮ ሲያክም የኖረ ሰው!

ራሱ በአፉ ተናግሯል፦ «ምንም ምልክት አልሰጠኝም። ሳይጮህ ከእግሬ ሥር ጠፋ። ቢጮህ ኖሮ እሰማው ነበር» ብሏል። አስጠንቅቆ ይጮኻል ብለሽ የጻፍሽው ማሽን አልጮኸም። ባጠቃላይ ማሽንሽ ብልሹ ነው፤ ብልሹ መሆኑንም ወይ ሳታውቂ ልከሽዋል፤ ወይም አውቀሻል፤ የትኛው እንደሚሻል አላውቅም።

ተቆጣጣሪዎቹ ሊፈትኑ መጥተው ሊጠይቁት አልጋው አጠገብ ቆሙ። አንደኛው አለቀሰ። በክብር እንሸኘዋለን አሉ።

ልጄ ከኋላው ነበረች፣ ሁሉንም በዓይኗ አይታለች። ከዚያ ቀን ወዲህ አልቀለደችም። እባክሽ ተያት። ዕቃሽን ሰው ልከሽ አስወስጂ።

የወንድምሽ ሚስት


ሚያዝያ 11

አክስቴ፣

አንዲቷ መስመርሽ ደረሰችኝ። እማዬ አትጻፊላት ብላሽ እንደነበር አውቃለሁ፤ ረዳቱ ናት በድብቅ የሰጠችኝ።

መጀመሪያ ደህናውን ልንገርሽ። ምግብ ይበላል። ይተኛል። ትከሻው እየጠገነ ነው። ጡረተኛው ሹፌር በየቀኑ ይመጡና፣ ወረቀቱን ትተው፣ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠሩ ጆሮው ሥር ይጮኹበታል፦ «አይዞህ! የእኔም! ሄዷል! ኖሬያለሁ!» አባዬ በትሕትና ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ሊጠይቀው የሚመጣው ሰው ሁሉ ጎማውን ይረግማል፤ ጎማው በረንዳው ጥግ ጨርቅ ተሸፍኖ እንደ ወንጀለኛ ቆሟል። አንቺንም ይረግሙሻል። እኔ ሻይ አቀርባለሁ።

አሁን ያየሁትን። ጥያቄሽ እሱ ነውና።

ያን ቀን ጠዋት ሁሉንም መከላከያ አደረገ። ሌላ ቀን እሮጥ ነበር፤ ያን ቀን በእርምጃ ተከተልኩት። ይገባሻል? መሮጥ አላስፈለገኝም። ዳቦ ቤቱ ጋ ማንም አልዞረም፣ ውሻውም ተኝቷል። እኔ ሞኟ «ተመስገን፣ ምክሬን ሰማ» እያልኩ እከተለዋለሁ። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ዞሮ አየኝ። መኖሬን ነው ያየው። ከዚያ ግራ እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ፤ ሣሩ ላይ እንዳስተማርኩት አገጩን ወደ ደረቱ፣ ትከሻውን አስቀድሞ። ተንከባለለም። ሣሩ ላይ ግን የብረት ጠርዝ አልነበረም።

የሰማሁትን ድምፅ አልጽፍልሽም።

ጎማው አልጮኸም፣ አክስቴ። የሚጮህበት ምክንያት አልነበረውም።

እማዬ ጠየቀችኝ፣ ሐኪሙ ጠየቀኝ፣ ተቆጣጣሪው እንባውን እየጠረገ ጠየቀኝ፦ «ከመውደቁ በፊት ጮኸ?» ለሁሉም «አልጮኸም» አልኩ። እውነት ነው። እንደዚህ እውነት ተናግሬ እንደዚህ ውሸታም የሆንኩበት ቀን የለም። ሁሉም አንቺን ብልሹ ዕቃ ላኪ አደረጉሽ፤ እኔም ቆሜ አስደረግሁ። ሁለቱንም ማዳን አልቻልኩበትም፤ አንቺ ሩቅ ነሽ፣ እሱ ደግሞ እዚህ በፋሻ ተጠቅልሎ ያየኛል።

ጆሮው በእርግጥ ሄዷል ወይ ብትዪኝ አላውቅም ነበር። ሐኪሙ ሲፈትነው እጁን አያነሳም። ግን ያ ፈተና እኮ የአባዬ ሙያ ነው፤ እጅ ባለማንሳት የሚያልፍ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ራሴ ፈተንኩት። እማዬ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ነበር። እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሾርባውን በደህነኛው እጁ ይጠጣል። እኔ ከኋላው በሩ ላይ ቆሜ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ ዝቅ አድርጌ እንዲህ አልኩ፦

«አባዬ፣ እግርህን ስታነሳ አይቻለሁ።»

ማንኪያው አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ጠብታዋ ፋሻው ላይ ወደቀች። አልዞረም። ከዚያ ወደ መስኮቱ እያየ፣ በድሮው ድምፁ፣ እኔን ሐብሐብ ሲያስመርጠኝ በነበረው ድምፅ፣

«በሩን ዝጊው» አለኝ።

ዘጋሁት። ከውስጥ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ለእሱ በምንጽፍበት ወረቀት ላይ ነው የምጽፍልሽ። የምጽፈውን ያየዋል፤ ለማን እንደሆነም ያውቃል፤ አልከለከለኝም። ሾርባው በርዷል።

የውጭው በር ተከፈተ። እማዬ ተመልሳለች፤ መድኃኒቱን በላስቲክ ይዛ ደረጃውን እየወጣች ነው። ወረቀቱን ልትቀበለኝና «ዛሬስ ምን አለ?» ብላ ልትጠይቀኝ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ። ሁለተኛው። ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል።

እኔ ወደ በሩ አየሁ። አባዬም እርምጃዋን ሰምቶ አየ።

ፌንጣ